ሚና የሚለመደው ዳንጀን ውስጥ ነው፤ ታዲያ ጀማሪ የት ይሳሳት?

ፋይናል ፋንታሲ 14 በሚባለው የኦንላይን ጌም ውስጥ ሳስታሻ የሚባል ዋሻ አለ። ሌቨል 15 ላይ ይገኛል። ዋናውን ታሪክ ለመቀጠል እሱን ማለፍ ግዴታ ነው። ተጫዋቹ እስከዚያ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ የከረመው ብቻውን ነው። ብቻውን ይገድላል፣ ብቻውን ይሸሻል፣ ቢሞትም ጉዳዩ የራሱ ነው። ሳስታሻ በር ላይ ግን ሦስት የማያውቃቸው ሰዎች አጠገቡ ቆመዋል። ታንክ፣ ማለትም ከፊት ሆኖ ዱላውን የሚቀበል ሰው፣ ሆኖ ከገባ ሦስቱም ዓይናቸው እሱ ላይ ነው። ቀድሞ መግባት ያለበት እሱ ነዋ! ይህን የነገረው ሰው ግን የለም። እነሱ እስኪሄዱ ይጠብቃል። እነሱም እሱ እስኪሄድ ይጠብቃሉ።

ይቺን የጥቂት ሰከንድ ዝምታ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። ጌሙ አሥራ አምስት ሌቨል ሙሉ ቁልፎቹን ሲያስተምረው ነበር። የቱ ሰይፍ እንደሚያወዛውዝ፣ የቱ ጋሻ እንደሚያነሳ ልጁ ያውቃል። ታንክ መሆንን ግን ገና አሁን ሊጀምር ነው፤ ያውም ሰው ፊት።

በኦንላይን የቡድን ጌሞች ውስጥ ሚና የሚለመደው ዳንጀን ውስጥ ነው። ሌላ ትምህርት ቤት የለውም ብል ማጋነን አይመስለኝም። የሚያሳስበኝ ይህ ትምህርት ቤት ለጀማሪ ከዓመት ዓመት እየጠበበ መምጣቱ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ዳንጀን ማለት ለአንድ ትንሽ ቡድን ብቻ የሚከፈት የጌሙ ክፍል ነው። ዋሻ፣ ምሽግ ወይም የፈረሰ ቤተ መቅደስ ሊሆን ይችላል። ውስጡ ያሉት ጠላቶች አንድ ሰው ብቻውን ከሚችላቸው በላይ የበረቱ ናቸው። በየመሃሉና መጨረሻው ላይ ቦስ፣ ማለትም ከሌሎቹ የበረታ አለቃ ጠላት፣ ይጠብቃል። ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ አራት ሰው ይገባል፤ አንድ ታንክ፣ አንድ ሂለር፣ ሁለት ዲፒኤስ። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ላይ አምስት ናቸው፤ ዲፒኤሶቹ ሦስት ይሆናሉ። ታንክ ዱላውን ይቀበላል። ሂለር የተጎዳውን ይፈውሳል። ዲፒኤስ ይገድላል።

ሲነገር ቀላል ነው። ግን ታንክ ከኋላው የሚከልለው ሰው ከሌለ ምኑን ታንክ ሆነ? ሂለርም ብቻዋን ስትዞር የምትፈውሰው ራሷን ብቻ ነው፤ ቀሪውን ጊዜ እንደ ማንም ጠላት ትደበድባለች። ብቻውን የሚጫወት ሰው ሁሉ፣ የመረጠው ሚና ምንም ይሁን ምን፣ በተግባር ዲፒኤስ ነው።

እንዲህ ያልነበረበት ጊዜም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ኤቨርክዌስት ሲወጣ አብዛኛው ክላስ፣ ማለትም ተጫዋቹ የሚመርጠው የተዋጊ ዓይነት፣ ብቻውን ብዙ ርቀት መሄድ አይችልም ነበር። ሌቨል ለመጨመር ራሱ እስከ ስድስት ሰው በሚይዝ ቡድን ውስጥ መግባት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ሌቨል 30 የደረሰ ሰው ያን ሁሉ መንገድ ሚናውን እየሠራ ነው የመጣው። ያኔ «ሦስቱ» ሲባል የሚታሰቡት ዋሪየር (ታንኩ)፣ ክለሪክ (ሂለሩ) እና ኢንቻንተር ነበሩ። የኢንቻንተር ዋና ሥራ ጠላትን ማፍዘዝ ነበር፤ አምስት ከመጡ አራቱን ያስተኛል፣ ቡድኑ አንድ በአንድ ይጨርሳቸዋል። ይህ አራተኛ ሊባል የሚችል ሚና በኋላ እየከሰመ መሄዱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

በ2004 ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት መጣና ብቻውን ለሚጫወት ሰው መንገድ ከፈተ። ተልእኮ እየተቀበለ፣ አገር እያየ፣ እስከ መጨረሻው ሌቨል፣ ያኔ 60 ነበር፣ መድረስ ቻለ። ይህ ጌሙን ለብዙ ሰው አቅርቦታል፤ ጥሩ አድርጓል። ግን ሌቨልና ሚና የተለያዩት ያኔ ነው። 60 የደረሰ ተጫዋች አንድም ቀን ታንክ ሆኖ ሳያውቅ የታንክ ልብስ ለብሶ ሊቆም ይችላል።

ሚናን ጭራሽ ለማስቀረት የሞከረም ነበር። ጊልድ ዋርስ 2 በ2012 ሲወጣ ሂለር የሚባል ራሱን የቻለ ሚና አልነበረውም፤ ሁሉም ሰው ራሱን ይፈውሳል ተባለ። በ2015 ሬይድ፣ ማለትም ከዳንጀን የከበደና ብዙ ሰው የሚገባበት ውጊያ፣ ሲጨመርበት ግን ዱላ የሚቀበል ሰውና ቡድኑን የሚፈውስ ሰው ተመልሰው መጡ። ጠላቱ ከከበደ ቡድን ሥራ መከፋፈሉ የማይቀር ይመስለኛል።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ጠላት ማንን እንደሚመታ እንዴት ይወስናል? በአብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት ጌሞች እያንዳንዱ ጠላት የራሱ የሂሳብ መዝገብ አለው። ተጫዋቾች አግሮ ይሉታል። የመታው ሁሉ ስሙ ይገባል፤ በመታው ልክ ነጥብ ይያዝበታል። የፈወሰም ይመዘገባል። ሂለሯ ጠላቱን በጣቷ ባትነካውም ቂም ይይዝባታል። በመዝገቡ አናት ላይ ያለው ሰው ይመታል። የታንክ ችሎታዎች ከሌላው ሰው ይበልጥ ነጥብ እንዲያስይዙ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ሥራው ከአናት አለመውረድ ነው። በክላሲክ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ቁጥሩ የታወቀ ነው። አጠገብ ቆሞ የሚመታ ሰው የታንኩን ነጥብ በ10 በመቶ ካለፈ፣ ከሩቅ የሚወረውር ደግሞ በ30 በመቶ ካለፈ ጠላቱ ዞሮ ይመጣበታል።

ይህን ማንበብ አንድ ነገር ነው። ሲደርስ ማየት ሌላ ነው። አራት ጠላት አብሮ ሲመጣ አዲሱ ታንክ ብቻውን ሳለ እንደለመደው አንዱን ይመርጥና እሱን ይደበድባል። ብቻውን ሲሆን ልክ ነበር፤ አራቱም የሚመቱት ሌላ ሰው አልነበራቸውምና። አሁን ግን ሦስቱ ጥለውት ወደ ሂለሯ ይሮጣሉ። ሂለሯ ታንኩን አንዴ ስትፈውስ በአራቱም መዝገብ ላይ ስሟ ገብቷል። ታንኩ ደግሞ ሦስቱን ገና አልነካቸውም። ሂለሯ ትወድቃለች፣ ከዚያ እሱ ይወድቃል። ይህን አንዴ ያየ ታንክ በሚቀጥለው ክፍል ካሜራውን ያዞራል። ዓይኑን ከጠላቱ አንስቶ ጓደኞቹ የት እንደቆሙ ያያል። ለእኔ አንድ ሰው ታንክ ሆነ የምለው እዚያች ደቂቃ ላይ ነው።

ቀጥሎ የሚማረው የሰው ማና፣ ማለትም ድግምት በተሠራ ቁጥር የሚቀንሰውን ኃይል፣ ማየትን ነው። ብቻውን ሲጫወት የሚያየው የራሱን ጤና ብቻ ነበር፤ ሲሞላ ይሄዳል። ዳንጀን ውስጥ ጤናው ሙሉ ሆኖ እንኳ ሂለሯ ማና ጨርሳ ሊሆን ይችላል። ያን ሳያይ ቀጣዩን ክፍል ከነካ ቡድኑን ራሱ ገደለው ማለት ነው። የቡድኑን ፍጥነት የሚወስነው እሱ ነው፤ የሚወስንበት ሰዓት ግን ሌላ ሰው ላይ ነው የተሰቀለው። ይህን የሚያስረዳ ማስታወሻ ማያ ገጹ ላይ ቢወጣ ማንም አንብቦ ያልፈዋል። አንድ ጊዜ ሂለሯ ማና ጨርሳ ቆማ እሱ ሲወድቅ ግን አይረሳውም።

ሌላም አለ። ድግምት ከሩቅ የሚወረውሩ ጠላቶች ሲመቱ ወደ ታንኩ አይመጡም። ባሉበት ቆመው ይተኩሳሉ። ታንኩ አንዴ መትቷቸው ከግድግዳ ጥግ ኋላ ቢሸሸግ ግን ሊያዩት ስለማይችሉ እየሮጡ ይመጡና ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ይከማቻሉ። አንድ ሰው ይህችን ብልሃት መጀመሪያ ሲያይ ግድግዳ ሁሉ ሌላ ነገር ይሆንበታል።

ጥሩ ዳንጀን ደግሞ ታስቦበት የተሠራ መምህር ነው። ከሁሉም የምወደው የዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የመጀመሪያውን ዴድማይንስ ነው፤ ከዌስትፎል የእርሻ አገር ሥር ያለውን የማዕድን ዋሻ። የመጀመሪያውን ቦስ ገድለው ሁሉም እፎይ ሲሉ ከኋላ ጠላት ይመጣል። ቀድሞ የሚያገኘው ማንን ነው? ኋላ የቆመችውን ሂለር። ወረድ ሲባል ስኒድ አለ። ትልቅ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚዋጋው። ማሽኑ ሲፈርስ እሱ ዘሎ ይወጣል። አዲስ ጠላት ስለሆነ መዝገቡ ባዶ ነው፤ ታንኩ የሰበሰበው ነጥብ ሁሉ ከማሽኑ ጋር ቀርቷል። ያን ጊዜ ያለ የሌለ ኃይሉን የሚያወርድ ዲፒኤስ ስኒድን ራሱ ላይ ይጠራል። አንድ ሰከንድ መታገስን እዚያ ይማራል።

እዚያው ዋሻ ውስጥ ባለው መርከብ ላይ ደግሞ ሚስተር ስማይት ይጠብቃል። ውጊያው መሃል መሬቱን ይረግጥና ቡድኑን ሁሉ ያፈዛል። ማንም ምንም መጫን አይችልም። እሱ ግን ረጋ ብሎ ወደ ሣጥኑ ሄዶ መሣሪያውን ይቀይራል። ሁለት ጊዜ ያደርገዋል። ረዳቶቹ በዚያን ሰዓት በሕይወት ካሉ የፈዘዘውን ቡድን ይቀጠቅጣሉ። እዚህ ዲፒኤሶች «ቦሱን ትተን ረዳቶቹን እንጨርስ» ማለትን ይማራሉ፤ ሂለሯ ደግሞ ጉዳት እስኪደርስ አለመጠበቅን። ሊመጣ ያለውን አይታ ታንኩን ቀድማ ትሞላለች። አንድ ቦስ፣ አንድ እርግጫ፣ ለየሚናው የተለየ ትምህርት።

ፋይናል ፋንታሲ 14ም ይህን ያውቅበታል። ሌቨል 32 ላይ የሚገኘው የብሬይፍሎክስ ዳንጀን መጨረሻው ላይ አያታር የሚባል ዘንዶ አለ። መርዝ መሬት ላይ ይተፋል። መርዙ ሰውን ይጎዳል፤ ዘንዶውን ግን ይፈውሰዋል። ታንኩ ባለበት ተተክሎ ከተዋጋ ውጊያው አያልቅም። ስቦ ማውጣት አለበት። እስከዚያ ቀን «ቁም፣ ተመታ» ብሎ የተረዳውን ሥራ «ጠላቱን የት ላቁመው?» ብሎ ማሰብ የሚጀምረው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቡድን ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ተጫዋቾች ዋይፕ ይሉታል። ዋይፕ ሲሆን ወዲያው ጣት የሚጠቆመው ሂለር ላይ ነው። ታንኩ ሞተ፤ ስለዚህ ሂለሯ አላዳነችም፤ ጥፋቱ የሷ ነው። እስቲ አንዱን ዋይፕ ወደ ኋላ እንከተለው። ታንኩ ለምን ሞተ? ሂለሯ ማና አልቆባት ነበር። ማናዋ ለምን አለቀ? ቡድኑን ሁሉ የሚያቃጥል ድግምት ሦስት ጊዜ ስለወጣ አምስቱንም ስትሞላ ነበር። ድግምቱ ለምን ወጣ? ማቋረጥ የሚችሉት ሁለቱ ዲፒኤሶች አላቋረጡትም። ለምን? አንደኛው ሌላ ጠላት እየመታ ነበር። ሁለተኛዋ ደግሞ ያ ሰው ያቋርጠዋል ብላ ነበር። ሰውየው ለምን ሌላ ጠላት ይመታል? ታንኩ ጠላቶቹን ስላልሰበሰባቸው ተበታትነው ነበርና።

ሬሳው የተገኘው ሂለሯ ደጅ ነው። ነገሩ ግን የመጣው ከሩቅ ነው። አንድ ሰው ሚናውን የሚያውቀው የራሱ ስህተት የማን ደጅ ላይ እንደሚወድቅ ማየት ሲጀምር ነው። ይህን ደግሞ ብቻውን ሆኖ ሊያየው አይችልም፤ ስህተቱን የሚከፍልለት ሌላ ሰው መኖር አለበት።

ለዚህ ነው ሂለርነት ከሦስቱ ከባዱ የሚመስለኝ። የሁሉም ሰው ስህተት ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው ሂለሯ ጋ ነው፤ ያውም የጤና መስመር ሆኖ። አዲስ ሂለር መስመሩ ትንሽ በወረደ ቁጥር ትደነግጣለች። ትሞላለች፤ እንደገና ትሞላለች። ማናዋ በማያስፈልግ ፈውስ ያልቃል። ከብዙ ዳንጀን በኋላ አንድ እርጋታ ይመጣላታል። 60 በመቶ ላይ ያለ ታንክ ምንም እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ቀጣዩ ከባድ ምት መቼ እንደሚመጣ ስለለመደችው። አንዳንዴም ሁለት ሰው እኩል ሲወድቅ አንዱን ብቻ ማዳን ትችላለች። ታንኩን ትመርጣለች፤ ሌላው ይሞታል። ልብ ይጠይቃል። ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ ደግሞ ፈውስ በማያስፈልግበት ሰዓት ሁሉ ጠላትን እንድትመታ ይጠበቃል። ቆሞ መጠበቅ እንደ ስንፍና ይታያል። ይህ ለጀማሪ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ማንም ቀድሞ አይነግራትምና።

ዲፒኤስን ብዙ ሰው «ቀላሉ» ይለዋል። ለመጀመር ቀላል ነው፤ እውነት ነው። ሁሉም የሚመታውን መምታት፣ አደገኛውን ድግምት ማቋረጥ፣ ከእሳት መውጣት፣ ከታንኩ ቀድሞ አለመንካት። ከእነዚህ ውስጥ ከፍተኛ የጉዳት ቁጥር ከማስመዝገብ ጋር የሚገናኝ የለም። ችግሩ በየማያ ገጹ ላይ የሚታየው ቁጥሩ ብቻ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ ይህን ያህል ሀብታም ከሆነ ምኑ ነው የሚያሳስበው? የሚማሩበት ሁኔታ ነው የተለወጠው።

ድሮ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ላይ ዳንጀን ለመግባት ቻት ላይ ሰው ይለምናሉ፣ ይሰባሰባሉ፣ እስከ በሩ ይሄዳሉ። ጊዜ ይበላል፤ አሰልቺ ነበር። ግን በዚያ መንገድ ላይ ሰዎች ያወራሉ። «የመጀመሪያዬ ነው» ለማለት ሰፊ ጊዜ ነበረ። በታኅሣሥ 2009 ዳንጀን ፋይንደር መጣ። አንድ ቁልፍ መጫን፣ ወረፋ መያዝ፣ ከሌሎች ሰርቨሮች ከመጡ ሰዎች ጋር በቀጥታ ዋሻው ውስጥ መገኘት ሆነ። ምቹ ነው፤ ማንም ወደ ድሮው መመለስ አይፈልግም፤ እኔም አልፈልግም። ሆኖም አምስቱ ሰዎች ዳግም አይገናኙም። ዳግም የማይገናኝ ሰው ለማስተማር ምክንያት ያጣል።

ወዲያው የታየው የታንክ እጥረት ነው። ከአምስት ሰው አንዱ ታንክ መሆን አለበት። ያን ያህል ሰው ግን ታንክ መሆን አልፈለገም። ዲፒኤሶች ወረፋ ላይ ሲንገላቱ ታንክ ወዲያው ይገባ ነበር። በ2011 የጌሙ አዘጋጆች በወረፋው ላይ ለጎደለው ሚና ተጨማሪ ሽልማት መስጠት ጀመሩ። ሽልማቱ ሰው ይስብ ይሆናል። ግን ታንክ የማይሆኑት ሰዎች ብዙዎቹ ሽልማት ጎድሏቸው አይመስለኝም፤ ፈርተው ነው። ዲፒኤስ ሲሳሳት ሁለት ሌሎች አሉ፤ ማንም ልብ ላይል ይችላል። ታንክ ሲሳሳት ግን ሁሉም ያያል፤ ሁሉም ይሞታል። በስህተት የሚማሩትን ሥራ ስህተት በማይሸሸግበት ቦታ መማር ከባድ ነው።

በ2016 ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ላይ ሚቲክ ፕላስ የሚባለው የዳንጀን ውድድር ሲመጣ ደግሞ ሰዓት ተጨመረ። ቡድኑ በተወሰነ ደቂቃ ካልጨረሰ የገባበት ቁልፍ፣ የዳንጀኑን ክብደት የሚወስነው ዕቃ፣ ደረጃው ይወርዳል። እያንዳንዱ ሞት ከሰዓቱ ላይ ይቀነሳል። የትኞቹን ጠላቶች ገድሎ የትኞቹን ማለፍ እንደሚሻል ቀድሞ ማጥናት ያለበት ደግሞ፣ አሁንም፣ ታንኩ ነው። በላዩ ላይ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ነጥብ አለ፤ ሰው ወደ ቡድን የሚጠራው ነጥቡ ታይቶ ነው። ነጥብ ለማግኘት መግባት አለብህ፤ ለመግባት ነጥብ ያስፈልግሃል። ውድድሩን ራሱ እወደዋለሁ፤ ጥሩ ቡድን ሰዓቱን ሲቀድም ማየት የሚያስደስት ነገር ነው። ችግሩ የውድድሩ ጠባይ ወደ ታች መፍሰሱ ነው። ምንም ሰዓት በሌለው፣ ለጀማሪ በተሠራ ዳንጀን ውስጥ እንኳ ከኋላ «ቶሎ ቶሎ» የሚል ሰው አይጠፋም። ታንኩ ሲዘገይበት ራሱ ሮጦ ጠላት ይነካል።

አዘጋጆቹ ይህን አይተዋል። ፋይናል ፋንታሲ 14 በ2016 ለጀማሪዎች የተለየ የሥልጠና አዳራሽ ከፈተ፤ ለየሚናው አጫጭር ልምምዶች አሉት። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ከዚያ በፊት በ2013 ብቻን የሚገቡበት የመፈተኛ ሜዳ ሠርቶ ነበር፤ ሂለር እዚያ ውስጥ ጌሙ ራሱ የሚያንቀሳቅሳቸውን ሰው መሳይ ቦቶች ትፈውሳለች። ከዚያ ትልቁ እርምጃ መጣ። ፋይናል ፋንታሲ 14 በ2019 ከታሪኩ ገጸ ባሕርያት ጋር ዳንጀን መግባት አስቻለ፤ በ2022 ደግሞ ሳስታሻን ጨምሮ ለመጀመሪያዎቹ የታሪኩ ዳንጀኖች ይህንኑ አመጣ። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በጥር 2024 ተከተለ። አሁን ጀማሪ ታንክ አንድም ሰው ሳያየው፣ ከቦቶች ጋር ሆኖ ሊለማመድ ይችላል።

ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ «ኦንላይን ጌም ያለ ሰው ምኑን ኦንላይን ሆነ?» ይላሉ። እኔ ግን ለመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነው እላለሁ። ራሴም አዲስ ክላስ ስጀምር በቦቶች ነው የምሞክረው። ቦት አይሰደብም፣ አይሳደብም፣ አይቸኩልም። ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ ያሉት ደግሞ አደጋን ሲያመልጡ በጣም ጎበዞች ናቸው። የት መቆም እንዳለበት ያልገባው ሰው እነሱ የሄዱበት ቢሄድ ይተርፋል። በሩ ላይ ያለችውን ዝምታ ያለ ሀፍረት ያልፋታል።

ከዚያ በላይ ግን አይወስድም። ቦት ከታንኩ ቀድሞ ሮጦ ጠላት አይነካም። እሳት ውስጥ ቆሞ አይረሳም። ያልታሰበ ነገር አያመጣም። በቦት ብቻ የሠለጠነች ሂለር መቼ ምን እንደምትጫን ታውቃለች። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲሳሳት ማንን እንደምታስቀድም ግን ገጥሟት አያውቅም። ያ ቀን መምጣቱ አይቀርም። የሚመጣው ደግሞ ከፍ ባለ ሌቨል፣ ትዕግሥት በሌላቸው ሰዎች መሃል ሊሆን ይችላል። ድሮ ሌቨል 15 ላይ የሚደርስባት ስህተት ሌቨል 80 ላይ ይደርስባታል። ያኔ «እስካሁን የት ነበርሽ?» ይሏታል።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ በላይ ብልህነት ያለበት ሌላው የፋይናል ፋንታሲ 14 አሠራር ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች በየቀኑ ወደ ድሮ ዳንጀኖች እንዲመለሱ ያደርጋል። በዕጣ የሚደርሳቸውን ዳንጀን ሲጨርሱ በቀን አንዴ ጥሩ ሽልማት ያገኛሉ። ሲገቡ ደግሞ ሌቨላቸው ወደ ዳንጀኑ ሌቨል ይወርዳል፤ ብዙ ቁልፎቻቸውም ይጠፋሉ። ስለዚህ አንጋፋው ሰው ዳንጀኑን ብቻውን ጠራርጎ ሊጨርሰው አይችልም፤ ጀማሪው ያስፈልገዋል። ከቡድኑ አንዱ ዳንጀኑን ጨርሶ የማያውቅ ከሆነ ይህ ለሁሉም ይነገራል፤ ሲጨርሱም ለሁሉም ተጨማሪ ሽልማት ይሰጣል። ስሙ አይገለጽም። ጀማሪ አብሮ መኖሩ ሸክም መሆኑ ቀርቶ ጥቅም ይሆናል። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ሰው ከአብሮ ተጫዋቾቹ አንዱን ሊያመሰግን ይችላል፤ ምስጋናው ይቆጠራል። ጌሙ ሰዎችን ደግ ሁኑ ብሎ አይሰብክም፤ ደግነት እንዲያዋጣ አድርጎ ነው የሠራው።

አሠራሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ጀማሪ ከሆናችሁ ስትገቡ «የመጀመሪያዬ ነው» ብላችሁ ጻፉ። የሚበሳጭ ካለ ቀድሞውኑ መውጣቱ ይሻላል፤ አብዛኛው ሰው ግን ይህን ሲያይ ይለዝባል። ሌላ ምክር ደግሞ አለኝ፤ ሰው ብዙም አይሰማውም። ጎበዝ ታንክ ለመሆን የፈለገ ሰው ለጥቂት ሳምንት ሂለር ይሁን። በችኩል ታንክ ምክንያት ማናው አልቆ አንዴ የቆመ ሰው ታንክ ሲሆን የሂለሩን ማና ሳያይ አይሄድም። በተቃራኒውም ይሠራል። ታንክ ሆና የምታውቅ ዲፒኤስ ከታንኩ ቀድማ ጠላት አትነካም፤ ጠላት አምልጦ ሲሄድ ምን እንደሚሰማ ታውቀዋለችና።

አንጋፋ ከሆናችሁ ትእዛዙን ከነምክንያቱ ንገሩ። «ፈውሺ እንጂ!» ማለት ማንንም አያስተምርም። «መሬቱን ሊረግጥ ሲል ታንኩን ሙሊው፤ ከዚያ ማንም መንቀሳቀስ አይችልም» ማለት ግን ለሚመጡት መቶ ዳንጀኖች ይሆናል። ዋይፕ ሲሆንም ማን ሞተ ብሎ ከመጠየቅ ምን ቀደመ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በተለይ ዝም ብሎ መውጣት፣ ወይም ሰውን በድምፅ ብልጫ አስወጥቶ መቀጠል፣ ለወጣው ሰው ምንም አይነግረውም። ያው ስህተት ይዞ ሌላ ቡድን ውስጥ ይገባል።

ሳስታሻ መጨረሻ ላይ ዴን የሚባል ቦስ አለ። ውጊያው መሃል በዙሪያው ካሉት የውሃ ጉድጓዶች አንዱ መፍላት ይጀምራል። ቶሎ ሄዶ የሚነካው ሰው ከሌለ ከውስጡ ተጨማሪ ጠላት ይወጣል። አንድ ሰው ከውጊያው በፊት «ውሃው ሲፈላ ዲፒኤሶች ሄዳችሁ ንኩት፤ ታንክ ቦሱን ይዘህ ቆይ፤ ካመለጠን አንተ ሰብስባቸው» ብሎ ይጽፋል። ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ታንኩ በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ያው ልጅ ነው። አንዱ ውሃ ያመልጣቸዋል። ጠላቱ ወጥቶ ወደ ሂለሯ ሲሮጥ ልጁ ካሜራውን ያዞራል፤ ያየዋል፤ ቦሱን እየጎተተ ሄዶ ይቀበለዋል።